ከሙሽሪት እናት፣ ጓዳ ለነበራችሁት ሁሉ

ሰርጉ በሰላም አለቀ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መልሱም አለፈ። ድንኳኑ ተነቅሏል፤ የእድሩ ድስትና ወንበርም ተቆጥሮ ገብቷል። የቀረኝ ምስጋና ነው።

ሽማግሌዎቹን፣ ሚዜዎቹንና ዘመድ አዝማዱን በዕለቱ በማይክራፎን አመስግነናል። እናንተን ግን ማንም አልጠራችሁም፤ ያን ሰዓት ጓዳ ነበራችሁ። ቪዲዮውንም አየሁት። ኬኩን ከአራት አቅጣጫ ያነሳው ካሜራ እናንተ ጋ ብቅ እንኳ አላለም። ስለዚህ ይህ መልእክት የእናንተ ነው። ሽንኩርት ለላጣችሁ፣ ዶሮ ለበለታችሁ፣ እሳት ዳር ላመሻችሁ ለሰፈሬ የሴቶች እድር።

ለድግሱ ሰፍቼ ስላለበስኳችሁ ሽርጥ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። «ለወጥ ቤትም ዩኒፎርም አሰፋች» ተብሎ ተስቆብኛልም አሉ። ይሳቅ! እኔን ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ነው። በየድግሱ ሴቶቻችን ነጠላቸውን አሸርጠው ቁሌት ላይ ይቆማሉ። ወጡ ሲንተከተክ በርበሬው ይፈናጠራል። የአልጫው እርድ ደግሞ ነጭ ጥጥ ከነካ በሳሙና በቀላሉ አይለቅም። ለሰው ደስታ የመጣች ሴት የራሷን ነጠላ አበላሽታ ትመለሳለች። ለሚዜ አንድ ዓይነት ልብስ ይሰፋ የለ? ለእናንተ ቢሰፋ ምን አለበት?

ሁዳዴ ጊዜ ሰጠኝ። በጾሙ 55 ቀናት ሰርግ የለ፣ ድግስ የለ። ምሽቱ የስፌት ሆነ።

እማማ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ በቅድሚያ የማመሰግነው እርስዎን ነው። አቡጀዲ ርካሽ ነው ብዬ ሳማክርዎ «ነጭ ለቤተ ክርስቲያን ነው ልጄ፣ ለወጥ ጠቆር ያለ ነው» አሉኝ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆነ። የመርካቶው ጨርቅ ነጋዴ ወንድሜም ዕድሜ ይስጥህ። ውዱን ጨርቅ ልትሸጥልኝ ነው ብዬ ጠርጥሬህ ነበር፤ አንተ ግን ለእኛ አስበህ ነው። ሰው ሠራሹ ጨርቅ ፍም ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ እሳት ዳር ለሚቆም ሰው ጥጥ ነው አልከኝ። ሳይቆረጥ አንዴ ይታጠብ፣ በኋላ ይሰበሰብብሻል ማለትህም በጀኝ።

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጋሼ፣ በእግር የሚሠራውን ሲንጀር የስፌት መኪናዎን ማታ ማታ ስለለቀቁልኝ አመሰግናለሁ። መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ኤሌክትሪክ የስፌት መኪና ሁሉ ጸጥ ይላል፤ የእርስዎ በሻማም ይሠራል።

አሠራሩን ለጠየቃችሁኝ እነሆ፣ ምስጢር የለውም። ወርዱ 1.50 ሜትር ከሆነ ጨርቅ 90 ሳንቲ ሜትር ብትቆርጡ፣ ወርዱ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ሽርጥ ይወጣዋል። አንዱን ቁራጭ በቁመቱ ለሁለት አጥፉት። ከላይ፣ ከእጥፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በጎኑ በኩል ደግሞ 25 ሳንቲ ሜትር ወርዳችሁ ሌላ ምልክት። ሁለቱን ቀጥ ባለ መስመር አገናኝታችሁ ቁረጡ፤ ብብቱ ይኸው ነው። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ እያጠፋችሁ ቀምቅሙ። የተቆረጠውን የብብት ጠርዝ ግን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰፋ አድርጋችሁ እጠፉና ሁለቱን ጫፎቹን ክፍት ተዉት፤ ገመድ ማስገቢያ ነው። 3 ሜትር ያህል የጥጥ ጥብጣብ በአንዱ ብብት ከታች ገብቶ በላይ ይወጣል፣ በአንገት ይዞራል፣ በሌላው ብብት ይወርዳል፣ ወገብ ላይ ይታሰራል። ይህን የወደድኩት ልክ ስለማይጠይቅ ነው። ስትጎትቱት ከፍ፣ ስትለቁት ዝቅ ይላል። ለቀጭኗም ለወፍራሟም ይሆናል፤ መቼም ማናችን ማን እንደሆንን እንተዋወቃለን።

ኪሶቹ ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ ተነቅለው የተሰፉ ናቸው። ሱሪዎቻችሁን የለገሳችሁኝ የሰፈር ወጣቶች፣ ተባረኩ። የጂንስ የኋላ ኪስ ስልክና የጓዳ ቁልፍ ቢሸከምም አይቀደድም። በቀኝ በኩል ያደረግሁት ድስት ስትደገፉ ስልኩ እንዳይጋጭ ብዬ ነው።

ደረቱ ላይ ያለችውን ቀጭን ጥለት ያስተዋላችሁ ጥቂት ናችሁ። የልጄ የመልስ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ሲሠራ የተረፈ ቁራጭ ነው። ሙሽሪት የለበሰችው ጥለት እናንተም ላይ እንዲኖር ፈልጌ ነው። ለእሷም አልነገርኳትም ነበር፤ እዚህ ስታነብ ትወቀው።

ደግሞ የዚያ ቀን ሥራችሁ! ዶሮው 12 ብልቱ ሳይጎድል፣ ቁሌቱ ሳያር፣ ለጾመኛው ለብቻው ተሠርቶ፣ የሚያጣ እንግዳ ሳይኖር ዋለ። እኔ ከፊት ሆኜ ስስምና ስሳም ዋልኩ፤ አንድም ጊዜ «ምን ጎደለ?» ብዬ ወደ ኋላ እንድመጣ አላደረጋችሁኝም። የሙሽራ እናት ሆኖ ሰርጉን ቁጭ ብሎ ማየት ስንቷ ታገኛለች?

ሽርጡን መልሳችሁ አጥባችሁ ላመጣችሁልኝ ሁለት እህቶች፦ የእናንተ ነው፣ ውሰዱት። ሥጋ ሲቆርጥ የዋለው ወንድማችን «ለእኔስ?» ብሎ ነበር፤ ጨርቅ ተርፏል፣ ይሰፋልሃል። ጥብጣቡ ያጠረባችሁም በቡና ሰዓት ይዛችሁት ኑ፣ እቀጥልላችኋለሁ። የሽርጡን ልክ በወረቀት ቆርጬ ጋሼ ዘንድ ትቼዋለሁ፤ ለክረምቱ የእድር ስብሰባ መስፋት የምትፈልጉ ከዚያ ውሰዱ።