ለልጄ፦ ስለ ፑፕ ሆቴል

ውድ ልጄ፣

የሆቴል ሥራ እየተማርሽ ነውና ቼክ አገር፣ ካርሎቪ ቫሪ በምትባል የፍል ውሃ ከተማ ስላለው ስለ ግራንድሆቴል ፑፕ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፎቶውን ያየ ሁሉ ንጉሥ ያሠራው ቤተ መንግሥት ይመስለዋል። ያቆመው ግን የጣፋጭ ሠሪ ቤተሰብ ነው። ቴፕላ ወንዝ ዳር በ1701 የሳክሶኒ አዳራሽ የሚባል የእንግዶች መዝናኛ ተሠራ፤ ቆይቶ ከጎኑ የቦሄሚያ አዳራሽ ተጨመረ። ጣፋጭ ሠሪው ዮሃን ጌኦርግ ፑፕ የገዛው የቦሄሚያውን አዳራሽ ከፊል ድርሻ ብቻ ነበር። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ የጎረቤቱን ቤት አንድ በአንድ እየገዙ አስፋፉት።

ቦታው ደግሞ ለሆቴል የተመቸ ነው። እኛ ዘንድ ፍልውሃ ይታጠቡበታል፤ እዚያ ዋናው መጠጣቱ ነው። ታካሚው በባዶ ሆዱ ኩባያውን ይዞ ከምንጭ ምንጭ እየተዘዋወረ ቀስ ብሎ ይጠጣል። የኩባያው እጀታ ውስጡ ክፍት ስለሆነ የሚጠጣው በእሱ በኩል ነው፤ ውሃው ጥርስ ላይ ብዙ እንዳይቆይ ይረዳል። ከዚያ በወንዙ ዳር ይንሸራሸራል፤ የመንሸራሸሪያው መንገድ ፑፕ ደጅ ያደርሳል።

በ1870 ባቡር ሲገባ እንግዳው በዛ። ከ1896 እስከ 1907 የቪየናዎቹ አርክቴክቶች ፌልነርና ሄልመር የተቀጣጠሉትን ቤቶች ኒዮ ባሮክ በሚባለው ጌጥ በበዛበት የአሠራር ስልት ወደ አንድ ሕንፃ አዋሐዱ። የከተማውን ቴአትር ቤት የሠሩትም እነሱ ናቸው፤ ትልቁን የፑፕ አዳራሽ ስታዪ የቴአትር ሰዎች እጅ እንዳለበት ይታወቅሻል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት ወረሰውና «ሞስኮ» ተባለ። የቀድሞ ስሙ የተመለሰለት በ1989 የኮሚኒስቱ ሥርዓት ሲወድቅ ነው። ስሙ በመመለሱ ደስ ይለኛል፤ የቤተሰቡ ልፋት ነውና።

አሁን ወደ ሥራሽ ልምጣ። ቭሪድሎ የሚባለው ትልቁ ምንጭ ሙቀቱ 73 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ በደቂቃ 2000 ሊትር ያህል ያፈልቃል፤ እስከ 12 ሜትር ሽቅብ ይተኮሳል። ውሃው ከመሬት ሲወጣ የታመቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ያመልጣል፤ ያኔ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ካርቦኔት አራጎናይት የሚባል ድንጋይ ይሆናል። የወረቀት ጽጌረዳ ውሃው ውስጥ ቢያቆዩት ቅጠሉ ሁሉ ቡናማ ድንጋይ ለብሶ ይወጣል፤ ቀለሙን የሚሰጠው ብረት ነው። ለገበያ የሚያቀርቡት ጌጥም ይኸው ነው። ቱቦ ውስጥ ሲሆን ግን ዙሪያውን እየጋገረ ቀዳዳውን ያጠበዋል፤ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ካልተጠረገም ይደፈናል። ፍል ውሃ ያለው ሆቴል ውስጥ ስትቀጠሪ፣ ቱቦዎቹ መቼ እንደተጠረጉና ማን እንደሚጠርጋቸው በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ።

እናትሽ