ያቺ አንድ ጓንት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

31 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በቅርቡ ታናሽ እህቴ ታማብኝ እዚሁ ደሴ አንድ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን አስታመምኳት። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። የእጅ ንጽሕና ጉድለት የአንድ ሆስፒታል ችግር ብቻ ነው ብዬም አላምንም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ገና ሳይገለጥ፣ አንዲት ወጣት ነርስ ጓንት አድርጋ ገባች። በሩ አጠገብ የተኙትን አዛውንት የቁስል ፋሻ ፈታች። በዚያው ጓንት ካርዳቸውን ገለጠች፤ የግሉኮስ መስቀያውን ገፋ አደረገች። ከዚያ እህቴ ጋ መጥታ ካኑላዋን (ደም ሥሯ ውስጥ የገባችውን ቀጭን ቱቦ) ልትነካ ስትል፣ «የኔ ልጅ፣ ጓንቱን» አልኳት።

«አብሽሩ እማማ፣ አድርጌያለሁ እኮ!»

አልዋሸችም፣ አድርጋለች። ግን ጓንቱ የጠበቀው እሷን ነው፣ እህቴን አይደለም። አንድ ጓንት ለአንድ ታማሚ፣ ለአንድ ሥራ ነው። ከወለቀ በኋላም እጅ መጽዳት አለበት። ጓንት ዓይን የማያየው ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ሲያወልቁትም ቆሻሻው እጅ ላይ ሊቀር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2009 ያወጣቸውን አምስቱን የእጅ ንጽሕና ጊዜያት ተማሪ ሁሉ ሸምድዷቸዋል። አምስተኛው ግን ቶሎ ይረሳል፦ በሽተኛውን ባትነኪውም አልጋውን ወይም መስቀያውን ከነካሽ እጅሽን አጽጂ ይላል።

በልጅቷ አልፈርድም። ኮሪደሩ ላይ ያለው ቧንቧ ደርቋል። ሥሩ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፣ እሱም ባዶ። ሳሙና የለም። እኔ ራሴ የእህቴን ፖፖ ደፍቼ ስመለስ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ «እስቲ አንዴ ደግፊልኝ» አለችኝ። ደገፍኩላት። በዚያው እጄ! 31 ዓመት የት ገባ?

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በየአልጋው ግርጌ አንድ ብልቃጥ የእጅ አልኮል ቢቀመጥ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መታሸት ነው። የሆስፒታል ፋርማሲም በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ሊያዘጋጀው ይችላል። ደም ወይም ቆሻሻ ለታየበት እጅ ግን የግድ ውሃና ሳሙና ያስፈልጋል። ስለዚህ ኃላፊዎቹ ያንን ጀሪካን ያስሞሉልን።

ልጅቷ በማግሥቱ ስትመጣ ከጋዋኗ ኪስ ትንሽ ሳኒታይዘር አወጣች። እጇን እያሸች «ዛሬስ እማማ?» አለችኝ። ከየት አገኘሽው ብላት፣ በራሷ ብር ነው የገዛችው።

ጡረተኛ ነርስ
ደሴ፣ ሆጤ