ስርዝ ያለበት ደብተር አይነቀፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በደንበጫ አካባቢ በሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ወር ለልጆች መጻሕፍት የሚጽፉ አንዲት ደራሲ ከአራተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ጋር ግማሽ ቀን ውለው ነበር። የምጽፈው ለምስጋና ብቻ አይደለም፤ ያየሁትን መምህራንና የትምህርት ኃላፊዎች እንዲሰሙልኝ ነው።

እንግዳችን ስለ ንባብ ጥቅም ንግግር አላደረጉም። ከቦርሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው በየዴስኩ አዞሩት። የአንድ ተረታቸው የመጀመሪያ ገጽ ነው። የመግቢያው ዐረፍተ ነገር ተሰርዟል፤ ከላዩ ሌላ ተጽፏል፤ እሱም ተሰርዟል፤ በኅዳጉ ቀስት እየተሳበ የተጨመረም አለ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ እጇን አውጥታ «እርስዎም ይሰርዛሉ?» አለቻቸው። «ከማስቀረው የምሰርዘው ይበልጣል፣ የኔ ልጅ» አሏት።

ልጆቹ ቢደነቁ አይፈረድባቸውም። በትምህርት ቤቶቻችን ጎበዝ የሚባለው ሰሌዳ ላይ ያለውን ሳያዛንፍ የገለበጠ ነው። ድርሰት ሲታዘዝም ርእሱ «የንጽሕና ጥቅም» ይሆንና ክፍሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ድርሰት ይዞ ይመጣል። የፊደል ግድፈቱ በቀይ ይከበባል፣ ከአሥር ይታረማል፣ አለቀ።

ደራሲዋ ግን «ትናንት ወደ ቤት ስትመለሱ ያያችሁትን ጻፉ» ብቻ ነው ያሉት። በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ አንድ ልጅ ከብት ይዞ የተምጫን ወንዝ ሲሻገር የገጠመውን ጻፈ፦ «ቦራ መሐል ላይ ቆመ። ውኃውን ያያል። እኔም ቆምኩ። አባቴ ከማዶ ይጣራል።» ሲያነበው ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከኋላ በኩል አንዱ «ከዚያስ?» ብሎ ጮኸ። በማስተማር ዘመኔ ስለ ድርሰት የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይህ «ከዚያስ?» ነው።

ደግሞስ ይህ ለጎጃም እንግዳ ነገር ነው? የቅኔ ተማሪ ከጀማሪው ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቆጥሮ፣ ማለት ፈጥሮ፣ ቅኔውን ለሚሰማው ለአስነጋሪው ይናገራል፤ ይታረምለታል፤ በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል። የሌላውን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ጀማሪ ከአቅሙ በላይ አይጠየቅም፤ ግን ከመጀመሪያው የራሱን እንዲፈጥር ይጠየቃል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ያለፉት በዚሁ ትምህርት ነው። በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ትልቁ ልቦለዳቸው ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አስቀድመውም በ1948 ዓ.ም. ለልጆች የተረት መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ለልጅ መጻፍን አልናቁትም። አያቶቻችን ዛፍ ሥር ያደርጉት የነበረውን እኛ ሰሌዳና ደብተር ይዘን ለምን አቃተን?

ጊዜ የለም የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። መጽሐፉን መጨረስ ግዴታ መሆኑ፣ ክፍሉም መጨናነቁ እውነት ነው። እኔ የምጠይቀው ግን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ልጁ ያየውን አምስት ስድስት መስመር የሚጽፍበት፣ ነጥብ የማይያዝበት፣ መሰረዝ የሚፈቀድበት። መምህሩ መጀመሪያ ታሪኩን ይጠይቀው፤ ፊደሉ በኋላ ይደርሳል።

ለደራስያንም አንድ ልመና አለኝ። ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ወጣ በሉ፤ ስትመጡም የታተመውን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የተሰረዘውን ረቂቅ ያዙልን። መጽሐፍ መለገስ ለምትፈልጉ ወገኖች ደግሞ፣ የመደርደሪያችን ችግር የቁጥር ብቻ አይደለም። ያለው አብዛኛው ለአዋቂ የተዘጋጀ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የአራተኛ ክፍል ልጅ በአማርኛ ብቻውን አንብቦ የሚጨርሰውን ቀጭን መጽሐፍ ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአማርኛ መምህር፣ ምዕራብ ጎጃም