የክር መሣሪያዎች ክበብ ዘንድሮ

መስከረም ላይ እዚህ ለንደን በ9 ልጆች ጀመርን። አሁን 16 ደርሰናል። መሣሪያችን ግን 11 ብቻ ነው፦ 8 ቫዮሊን፣ ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅ 1 ቪዮላ፣ ተቀምጠው የሚጫወቷቸው ትላልቅ 2 ቼሎዎች። ስለዚህ ሁልጊዜ 5 ልጆች ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ ሲጫወት ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ ኖታውን በጣቱ ይከተላል። ይህን ከሁሉ ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው።

የየሳምንቱን ልምምድ አልዘረዝርም። ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል በኋላ አንድ ሰዓት እንሠራለን፤ ታውቁታላችሁ። ከ4 የግሬድ (የሙዚቃ ደረጃ ፈተና) ተፈታኞች 3ቱ አልፈዋል። አራተኛው ኅዳር ላይ ይደግማል፤ ከወዲሁ እየተዘጋጀ ነው። ለፋሲካ ዝግጅት ትዝታን በሦስት ድምፅ አቀናብረን ተጫወትን። አዳራሹ ውስጥ እንባቸውን ሲጠርጉ ያየኋቸው እናቶች አሉ።

ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ተከትሎኛል። «ለምን ክራር አይሆንም? ቫዮሊን የፈረንጅ አይደለም ወይ?» የጠየቃችሁኝ በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ክራርም ማሲንቆም ብናስተምር ደስ ይለኛል። ነገር ግን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው የተማሩት ቫዮሊን ነበር። ኋላም ካይሮ ላይ ቫዮሊን አጥንተዋል። ፒያኖ ላይ ያፈለቁት ዜማ ግን የማን እንደሆነ ሰምቶ የሚጠፋው ሐበሻ የለም። የእኛ ልጆች ደግሞ ለንደን ተወልደው ለንደን ነው የሚያድጉት። እዚህ ያለው ሙዚቃ የእነሱም ነው።

የእነሱም ነው እንጂ፣ እዚህ አገር የኦርኬስትራ መድረክ ላይ ጥቁር ሰው ማየት ብርቅ ነው። ልጆቻችን ችሎታ አንሷቸው አይደለም። ቫዮሊን በ7 እና በ8 ዓመት ይጀመራል። በ18 ዓመት ለኮንሰርቫቶር (ለከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ለመፈተን ከዚያ በፊት 10 ዓመት መልፋት ያስፈልጋል። ያ 10 ዓመት ገንዘብ ይበላል። የግል መምህር አለ፤ ልጁ ባደገ ቁጥር የሚቀየር መሣሪያ አለ። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ አባትና ሆስፒታል ፈረቃ የምትገባ እናት ከየት ያመጣሉ? ቺ-ቺ ንዋኖኩ የምትባለው የደብል ቤዝ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2015 ጥቁርና ከሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች የመጡ ሙዚቀኞችን የሚያሰባስበውን ቺኔኬ የተባለውን ኦርኬስትራ ስታቋቁም፣ ጎን ለጎን የወጣቶች ኦርኬስትራ የመሠረተችው ያለ ምክንያት አይደለም። መድረኩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ከታች ማሳደግ ያስፈልጋል።

መጋቢት ላይ ይህንኑ ቺኔኬን ለመስማት ለንደን መሀል ወዳለው የሳውዝባንክ የኮንሰርት አዳራሽ ሄድን። 14 ልጆችና 5 ወላጆች ነበርን። ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ላይ አንድ ልጅ ጠፍቶብን ደንግጠን ነበር፤ ዳቦ ቤት ደጃፍ ቆሞ አገኘነው።

ከልጆቹ መካከል ቼሎ የምትጫወት የ11 ዓመት ልጅ አለች። የሰፈሯ የወጣቶች ኦርኬስትራ ውስጥ ጥቁሯ እሷ ብቻ ናት። ኮንሰርት በሄደች ቁጥር መድረኩ ላይ እሷን የሚመስሉ ሰዎችን እንደምትቆጥር እናቷ ነግራኝ ነበር። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ከዜሮ አያልፍም። አንዳንዴ አንድ ትላለች።

ያን ዕለት አጠገቤ ነው የተቀመጠችው። ኦርኬስትራው ሲገባ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። መብራቱ ደበዘዘና ሙዚቃው ጀመረ። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል የግራ እጇ ጣቶች ጉልበቷ ላይ ይራመዳሉ። ቼሎዎቹ የሚጫወቱትን እየተከተለች ነው። ዕረፍት ላይ «ስንት ደረስሽ?» አልኳት።

«12 ላይ ተውኩት ቲቸር።»

«ለምን?»

«ሙዚቃው እያመለጠኝ ነበር።»

ሌላ የጠየቅኳት ነገር የለም። እስካሁን ግን ከጆሮዬ አልጠፋም።

የተሰናከለብንም አለ። ጥር ላይ የአዳራሹ ማሞቂያ ተበላሽቶ በቅዝቃዜው ቪዮላው ተሰነጠቀ። ሁለት ወር ያለ ቪዮላ ሠራን። ለአንድ ድጋፍ ሰጪ ድርጅት አመልክተን «ክበባችሁ ትንሽ ነው» የሚል መልስ መጣ። ትንሽ የሆነው ልጅ ጠፍቶ አይደለም። 5 ልጆች ተራ እየጠበቁ እንዳሉ ማመልከቻው ላይ ጽፈን ነበር።

አሁን ወደ ቼሎ ተጫዋቿ ልመለስ። ሰኔ ላይ ለአንድ ኮንሰርቫቶር የልጆች ክፍል ተፈትና አለፈች። ሙሉ ነፃ ትምህርትም አገኘች። ትምህርቱ የሚሰጠው ቅዳሜ ስለሆነ ከእኛ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ በመስከረም አትመለስም። እናቷ ስትነግረኝ ደስታውም ቅሬታውም አንድ ላይ መጣብኝ። አማርኛዋን እሑድ እሑድ ቤቷ እየሄድኩ ላስቀጥላት ቃል ገብቻለሁ።

የክበቡን ቼሎ ባለፈው ቅዳሜ ራሷ ተሸክማ መጥታ፣ ዓመቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጦ ኖታ ሲከተል ለነበረው ልጅ አስረከበችው። ደጋኑን እንዴት እንደሚይዝ ደግማ ደጋግማ አሳየችው። አሁን የቀሩት ተራ ጠባቂዎች 4 ናቸው። ቤታችሁ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ ቫዮሊን ካለ፣ ክሩ የተበጠሰም ቢሆን፣ መስከረም ከመግባቱ በፊት ይዛችሁልን ኑ። ክሩን እኔ እቀይረዋለሁ።