ግራፊክሱን ተዉትና ፒንጉን ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጀሞ ውስጥ አነስተኛ ፀጉር ቤት አለችኝ። ጋዜጣችሁ ከመስተዋቱ ሥር ይቀመጣል፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ያነበዋል፣ ማታ ሱቁን ስዘጋ ደግሞ ተራው የኔ ነው። የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ የወጣውን የስልክ ተኩስ ጌሞች ንጽጽር ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ተናደድኩ። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞባይልን አንደኛ፣ ፐብጂ ሞባይልን ሁለተኛ አድርጋችሁ ፍሪ ፋየርን ጭራ አስያዛችሁት። ምክንያታችሁ ግራፊክስ ነው። ሣሩ እንዴት እንደሚወዛወዝ፣ የጠመንጃው ብረት እንዴት እንደሚያብለጨልጭ ነው የጻፋችሁት። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በሞባይል ዳታ የሚጫወት ሰው ሣር የማየት ጊዜ የለውም።

ሦስቱንም እጫወታለሁ። በኔ ቤት ዳኛው ፒንግ ነው። ፒንግ ማለት ስልኬ የላከው መልእክት ሰርቨሩ ጋ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር ጋ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ በሚሊሰከንድ ይቆጠራል። የምንጫወተው የመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር ላይ ነው። ደህና ቀን 120 ያሳየኛል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ቲክቶክ ላይ ሲሰፍር 180 ይገባል። ታላቅ እህቴ ሪያድ ነው የምትሠራው፤ እሷ ጋ 30 ነው። ሰዓታችን አንድ ስለሆነ አርብ አርብ ማታ ሥራዋን ስትጨርስ ፐብጂ እንገባለን።

ባለፈው አርብ አንድ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተደብቀን ነበር። ድንገት ጮኸች። «በሩ ላይ! አየኸው? ተኩስ እንጂ!» እኔ በሩ ላይ አፍጥጫለሁ፤ ባዶ ነው። «የት?» ብዬ ሳልጨርስ ወደቅኩ። ሰውየው በኔ ስልክ በሩን ሲያልፍ የታየኝ መሬት ላይ ተዘርሬ ነው። እህቴ ገደለችውና እያነሳችኝ «ዓይንህን ሐኪም አሳየው» አለችኝ። ዓይኔ ምንም አልሆነም።

ኮል ኦፍ ዲዩቲ ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ በአሠራር የሚደርስበት የለም። የጠመንጃው ድምፅ፣ የሩጫው ፍጥነት፣ ሞተህ ወዲያው ተነስተህ መመለስህ ሱስ ያስይዛል። ግን ዋናው ጨዋታ አምስት ለአምስት ነው፣ ሜዳውም ጠባብ ነው። ኑክታውን የሚባለውን ማፕ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከአንዱ ጫፍ ሌላውን ጫፍ ታያለህ። ጥግ ላይ ትገናኛለህ፣ ሦስት አራት ጥይት፣ አለቀ። እዚህ ላይ 150 ሚሊሰከንድ መዘግየት ማለት ሌላው ተኩሶ ሲጨርስ አንተ ገና ጠመንጃ እያነሳህ ነው ማለት ነው። ግድግዳ ጀርባ ገብቼ ተመስገን ስል የሞትኩበትን ቀን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሰርቨሩ ዘንድ ገና አልገባሁማ።

ጣትህ ሰነፍ ሆኖ ነው እንዳትሉኝ። ኮሌጅ እያለሁ ኮምፒውተሮቹን በኬብል አያይዘን ካውንተር ስትራይክ 1.6 እንጫወት ነበር። ደስት ቱ የሚባለው ማፕ ላይ ረጅሙን መንገድ በስናይፐር ይዤ ማንንም አላሳልፍም። እዚያ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን፤ የሚዘገይ መልእክት የለም። የተሸነፈው ተሸነፈ፣ ሻይ ይገዛል። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ላይ ግን በማንም ልጅ እጨፈጨፋለሁ። ያው ጣት ነው።

ፐብጂን አንደኛ የማደርገው ለዚህ ነው። መቶ ሰው በፓራሹት ይወርዳል፣ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል፣ ኤራንጀል የሚባለው ማፕ በየጎኑ 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ አንድ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ ተኩሱ ስንት ደቂቃ ነው? ጥቂት ነው። ሌላው ዕቃ መልቀም፣ ኮቴ ማዳመጥ፣ እየጠበበ ሰዉን የሚያቀራርበው የመጫወቻ ክበብ ወዴት እንደሚሄድ መገመት፣ ቀድሞ ኮረብታ መያዝ ነው። ኔትወርኬ የሚያጎድለውን በጭንቅላቴ እሞላዋለሁ። እንደ በሩ ላይ ሰውዬ ቅርብ ለቅርብ ከመጡብኝ አለቀልኝ፤ ስለዚህ ቅርብ እንዳይመጡብኝ አድርጌ እጫወታለሁ። ሩቅ ሲሆን ጥይቷ ራሷ ጊዜ ይወስድባታል፣ እየሄደችም ትወርዳለች፤ ከፊቱ ቀድመህና ከፍ አድርገህ ነው የምታነጣጥረው። (ለጀማሪዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ቀን አሥራ አራት ሰው ገድላችሁ ጀግና የሆናችሁ ከመሰላችሁ፣ አብዛኞቹ ሰው ሳይሆኑ ማሽኑ ራሱ የሚያንቀሳቅሳቸው ናቸው። እኔም ለሰፈር ሰው አውርቼ ነበር።)

የፐብጂ ችግሩ ያው ግማሽ ሰዓቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ባዶ ነበርና ከፈትኩት። አሥራ ሁለት ሰው ሲቀር አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ገቡ። «አንዴ ጋሼ፣ አሁን እጨርሳለሁ» አልኳቸው። ከጀርባዬ ቆመው ትንሽ አዩና «ልጄ፣ ጦርነቱ የሚቆይ ከሆነ ሌላ ፀጉር ቤት ልሂድ» አሉኝ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ማሽኑን አነሳሁ። ኪሴ ውስጥ አንድ ሰው ሲረሸን ይሰማል። ጋሼ በመስተዋቱ ውስጥ አዩኝ፤ ምንም አላሉም።

ለሥራ ሰዓት ፍሪ ፋየር ነው። ሃምሳ ያህል ሰው ነው የሚገባበት፣ በአሥር ደቂቃ አካባቢ ያልቃል፤ በሁለት ደንበኛ መሃል ይበቃል። ሦስት ጊጋ ራም ባላት ስልኬ ላይ ከሦስቱ ሳይንቀጠቀጥ የሚሄደውም እሱ ነው። ምክንያት አለው። ፐብጂ እ.ኤ.አ. በ2017 ለኮምፒውተር ተሠርቶ በዓመቱ ስልክ ላይ መጣ፤ ለትልቅ ሰው ተሰፍቶ ለልጅ እንደጠበበ ኮት ነው። ፍሪ ፋየር ግን ከጅምሩ ለስልክ ነው የተሠራው። እናንተ ጭራ ያስያዛችሁት ጌም የሰፈሬን ልጆች ግማሽ የሚያጫውተው ነው።

ፍሪ ፋየርን የምወቅሰው በገንዘብ ነው። ፐብጂ ላይ የምትገዛው ልብስና ቀለም ነው፤ ወርቅ የተቀባ ጠመንጃ ይዘህም ጥይትህ ከኔ አትበልጥም። ፍሪ ፋየር ላይ ግን ጉልበት ወይም ፍጥነት የሚጨምሩ የጠመንጃ ሽፋኖች አሉ፣ ልዩ ችሎታ ያላቸው ገጸ ባሕርያትም አሉ። የከፈለ ይቀድምሃል። እዚህ ደግሞ የውጭ ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ዳይመንድ የሚባለው የጌሙ ገንዘብ የሚገዛው በቴሌግራም ነው። እኔም 500 ብር ለአንዱ ላክሁ። «እሺ ወንድሜ፣ አምስት ደቂቃ» አለኝ። ከዚያ የፕሮፋይል ፎቶው ጠፋ፣ ብሎክ አድርጎኛል። እህቴ እስከ ዛሬ «አምስት ደቂቃው አልሞላም?» ትለኛለች።

ጽሑፋችሁ ላይ ደግሞ ኮል ኦፍ ዲዩቲን እና ፐብጂን እንደ ደመኛ ነው ያቀረባችኋቸው። ሁለቱንም ለስልክ የሠሩት የቻይናው ቴንሰንት ሥር ያሉ ስቱዲዮዎች ናቸው። አንድ ጓዳ የበሰሉ ሁለት ወጦች ናቸው።

የምለምናችሁ ነገር ይሄ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ጌም ስትጽፉ ተራ ስልክ ላይ፣ በዳታ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሞክሩት። ፒንጉ ስንት እንዳሳየ፣ ሲወርድ ስንት ጊጋ እንደበላ፣ አፕዴቱ በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ፣ መብራት ሲሄድ ባትሪው ስንት ጨዋታ እንደሚያዘልቅ ጻፉልን። ሣሩን እኛው እናየዋለን።

ጸሐፊው ልጅ ከተቀየመኝ ደግሞ አርብ ማታ አራት ሰዓት ላይ ይምጣ። እኔ፣ እህቴና አንድ የጎረቤት ልጅ ነን። ለስኳዱ፣ ለአራት ሰው ቡድናችን፣ አንድ ሰው ይጎድለናል።

አክባሪያችሁ፣
ፀጉር አስተካካዩ፣ ከጀሞ