«ተሸጠ» ለማን?

ውድ አዘጋጅ፣

የጌም ኮንሶል ዜና ላይ «ይህን ያህል ሚሊዮን ተሸጠ» ሲባል፣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ለሱቆች የተላከው ነው። ሰው እጅ የገባው ሌላ ነው።

የኔንቲዶን ዊ ዩ አስታውሱ፤ ያ ጆይስቲኩ ላይ ትልቅ ስክሪን የነበረው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ሲወጣ፣ እስከ ዲሴምበር ማብቂያ 3 ሚሊዮን ገደማ ወደ ሱቆች ተላከ። ገዢው ግን ቀዘቀዘ። (ስሙም አልረዳውም። ብዙ ሰው የድሮው ዊ ተጨማሪ ዕቃ መስሎት ነበር።) ባለሱቅ ደግሞ መደርደሪያው ላይ ያለው ሳያልቅለት ለምን ይዘዝ? ከኤፕሪል እስከ ጁን 2013 በመላው ዓለም የተላከው 160 ሺህ ብቻ ሆነ። ለበጀት ዓመቱ 9 ሚሊዮን አቅዶ የነበረው ኩባንያ፣ ጃንዋሪ 2014 ላይ ወደ 2.8 ሚሊዮን አወረደው።

እባካችሁ፣ ስትዘግቡ የትኛውን ቁጥር እንደያዛችሁ ጻፉልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ