ስለ አዲሱ የግድግዳ ሴራሚክ ለአባላት የተላከ መልእክት

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

ከዚህ ወር ጀምሮ ከኮምቦልቻ ማምረቻችን የሚወጣው የግድግዳ ሴራሚክ ጀርባው ለስላሳ አይሆንም። ትይዩ ቦዮች ወጥተውለታል፤ ማጣበቂያው ቦዮቹ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ሴራሚኩን ጨብጦ ይይዘዋል። በጠርዞቹ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር የምትወጣ ጉጥ አለች። ሁለት ሴራሚኮች ሲገጠሙ ጉጦቹ ይነካኩና የ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት በራሱ ይጠበቃል። በየመሐሉ የክብሪት እንጨትና ሚስማር መሸጎጥ ይቀራል፤ እኔን ከሁሉም ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ነገር ግን ጉጥ የመጠን ልዩነትን አይሸፍንም። ሸክላ ሲደርቅም ሲተኮስም ይኮማተራል፤ ከምድጃው መካከልና ከዳር የወጣው ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ስለዚህ እባካችሁ፣ እየለካችሁ ለዩ፤ የተለያየ ልክ ያለው በአንድ ካርቶን ፈጽሞ አይታሸግ። እዚህ ላይ ከሰነፍን ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ለገዢዎችም ንገሩ፦ በሲሚንቶና በአሸዋ የሚለጥፍ አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ይንከረው፤ ደረቁ ሴራሚክ የሲሚንቶውን ውኃ ይመጥበታል። በሴራሚክ ማጣበቂያ የሚለጥፍ ግን ደረቁን ይጠቀም።

ናሙናው ማምረቻው ውስጥ ተለጥፏል። ደሴ ያላችሁም የምታውቋቸውን ባለሙያዎች ይዛችሁ ቅዳሜ ጠዋት ኑ፤ ራሳቸው ለጥፈው ይሞክሩት፣ ያልተመቻቸውንም ይንገሩን።